በጎን የተሳሉ ፊቶች

በቀደም ቅዳሜ ከልጄ ጋር ዳፐርማርክት የሚባለው ገበያ ወርጄ ነበር። ሽንኩርትና ጎመን ገዝተን ስንመለስ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ትንሽ የሸክላ ሽማግሌ አየሁ፤ አፍንጫው እንደ መንቆር የታጠፈ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ከረጢት ደረቱ ላይ ያቀፈ። ልጄ አንስታው «ጠንቋይ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፤ አይሁዳዊ ነው ብለው ነው የሠሩት።»

«እንዴት አወቅሽ?»

መልሱ ረጅም ስለሆነ ትራም እየጠበቅን ነገርኳት።

እዚህ ሆላንድ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ገና ሃያ አምስት ሳይሞላኝ፣ የአረጋውያንን ቤት እየዞርኩ አጸዳ ነበር። ማክሰኞና ዓርብ ከምኖርበት ከኒው ዌስት ተነስቼ ኢንዲሸ ቡርት የሚባል ሰፈር፣ ሜኔር (አቶ እንደማለት ነው) ደ ፍሪስ ዘንድ እሄዳለሁ። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ቀስ ብለው ስለሚናገሩ፣ ሆላንድኛን ከትምህርት ቤት ይልቅ ከእሳቸው ነው የተማርኩት።

ሳሎናቸው ውስጥ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ነበር። በውስጡ የትምባሆ ማስቀመጫ፣ የቢራ ዋንጫ፣ የከዘራ እጀታ፣ አፉ ውስጥ ለውዝ የሚሰበርበት ከእንጨት የተጠረበ ጭንቅላት፣ ሌላም ሌላም ተደርድሯል። የእጅ ሥራው ያስደንቃል፤ ቀለማቸው እንኳ አልደበዘዘም። ሁሉም ግን አንድ ሰው ይመስላሉ፤ ያው አፍንጫ፣ ያው ወፍራም ከንፈር፣ ያው የሚስገበገብ ዓይን። ወራት ሙሉ አቧራቸውን ስጠርግ ወንድማማቾች ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ አላስቻለኝም። «ሜኔር፣ ይኼ ሰውዬ ማን ነው?» አልኳቸው።

ከጋዜጣቸው ቀና ብለው «እኔ ነኝ» አሉኝ።

አፍንጫቸውን አየሁ። ትንሽና ቀጥ ያለ ነው። ማየቴን አይተው ሳቁ። አይሁዳዊ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እነዚያ ዕቃዎች በአውሮፓ በየሰው ቤት እንደነበሩ፣ ደግ የሚባል ሰው ሁሉ ቢራውን እየጠጣ፣ ለውዙን እየሰበረ ይስቅባቸው እንደነበር ነገሩኝ። ከቤተሰባቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እልቂት የተረፉት እሳቸውና ታላቅ እህታቸው ብቻ ናቸው። «ገበያ ላይ ካየኋቸው እገዛቸዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሳሎን ከሚቀመጡ እኔ ጋ ይቀመጡ» አሉ። ቀጥለውም፣ «በእናንተ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«በእኛ አገር የለም» አልኩ። ሳላስብ፣ እንዲያውም ኮራ ብዬ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። የእሳቸውም ፋሲካ ደርሶ ስለነበር ያልቦካ ደረቅ ቂጣ አቀረቡልኝ። እሳቸው ቅቤ ቀብተው ስኳር ነሰነሱበት፤ እኔ ባዶውን በላሁ። ጥርስ ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ የእኛን ቤት ቂጣ አስታወሰኝ።

በማግሥቱ ክፍሌ ውስጥ ለጸሎት ቆምኩ። ግድግዳዬ ላይ ከአገር ስወጣ እናቴ የሰጠችኝ፣ ብራና ላይ የተሳለ ትንሽ የስቅለት ሥዕል ነበር። ሰግጄ ቀና ስል ዓይኔ ሚስማር የሚመቱት ሰዎች ላይ አረፈ። ሁሉም ፊታቸው በጎን ነው፤ አንድ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ክፉ ሰው እንደዚያ እንደሚሳል እኛ ጋ ልጅም ያውቃል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ «እነማን ናቸው?» ብዬ ስጠይቅ፣ እናቴ «አይሁድ ናቸዋ» ብላኝ ነበር። «በእኛ አገር የለም» ማለቴ ትዝ አለኝ።

ብነግራቸው ይከፋቸዋል፤ ምናልባትም ሌላ ሠራተኛ ይላክልኝ ይላሉ። ዝም ብል ደግሞ፣ የሞቱባቸውን ሰዎች የነገሩኝን ሽማግሌ ዋሽቼ መቅረቴ ነው። ዓርብ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልዬ በዝናብ ሄድኩ።

«ሜኔር፣ ባለፈው የነገርኩዎት ልክ አልነበረም» አልኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው።

ማጉያ መነጽራቸውን አምጥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ለምን አንድ ዓይን?»

«ክፉዎች ናቸው ተብሎ ነው።»

«ከእነዚህ እኔ የትኛው ነኝ?» ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የእውነት ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። ጣታቸውን መስቀሉ ሥር ወደቆመችው እመቤታችን ወሰዱ። «እሷስ ከእኛ አይደለችም እንዴ? ለእሷ ሁለት ዓይን ሰጥተዋታል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ሥዕል ነው፤ ይህን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

«ለቁም ሳጥኑ ትሰጪኛለሽ?» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። «አይሆንም፣ ሜኔር። እጸልይበታለሁ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሥራዬ አበቃ ብዬ ነበር። ከዚያ ራሳቸው ሥዕሉን በነጠላዬ መልሰው ጠቀለሉት፤ ጫፎቹን እጥፍ እጥፍ አድርገው «እንዳይረጥብብሽ» አሉኝ። ማክሰኞ ስመጣ በሩን ከፍተው ሻይ እንደፈላ ነገሩኝ። እስኪሞቱ ድረስ አራት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ፤ ዕቃዎቹን የእህታቸው ልጅ ወሰደች።

ልጄ ይህን ሰምታ «ታዲያ ሥዕሉን ለምን አላወረድሽውም?» አለችኝ። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የሳለው ሰው ክፋት አስቦ አይመስለኝም፤ ከመምህሩ ያየውን ነው የደገመው። ያን የእንጨት ጭንቅላት የጠረበውም እንደዚያው ይሆናል። አለማሰባቸው ግን ማንንም አላዳነም። እናቴ የሳመችውን መጣል አልሆነልኝም፤ እንዳላየ ማለፍም አልሆነልኝም። ዛሬ ስለ አገሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ ብዬ «የለም» አልልም። መጀመሪያ ቤቴ ገብቼ ግድግዳዬን አያለሁ።