እንሰታችንን የቆረጡልን ሰዎች

«አትምቻት!» ብዬ ጮህኩ። አስጎብኚያችን ገጀራዋን አየር ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ ዳር ያለውን የማኅበረሰቡን የዕፅዋት ቦታ ልጎበኝ ሄጄ ነው። ልጅቷ እንሰት እንዴት እንደሚራባ ልታሳየን ነበር። ከሥሩ ይቆረጣል፣ ጉቶው መሀሉ ተቦርቡሮ አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ ዙሪያውን ችግኝ ያወጣል።

«አባባ፣ እንሰቷ ዝም ብላ እርስዎ ይጮሃሉ?» አለችኝ። ለወትሮው ነገረኛው እኔ ነበርኩ!

በጃንሆይ ጊዜ ሌሞ ውስጥ ጭሰኞች ነበርን። ባለመሬቱ ሊያባርረን ፈልጎ አሽከሮቹን ላከ፤ የጓሯችንን እንሰት በገጀራ ጨፈጨፉት። እኔን ደረቴን በሰደፍ ብለው ጣሉኝ። እናቴ አንዷን አቅፋ አልለቅም ስትል ክንዷን ተረተሩት። ደሟ ነጩ ጉቶ ላይ ፈሰሰ።

የሚበሉት ካጡ ይሄዳሉ ብለው ነው። እንሰት ከማይበላበት አገር የመጡ ጀግኖች!

እናቴ በደህና እጇ ጉቶዎቹን ቦርቡራ አፈር አለበሰቻቸው። እስኪደርሱ ጎረቤት በቆጮው አቆየን። ዝናቡ ሲመጣ ጓሮው ችግኝ በችግኝ ሆነ። የአሽከሮቹ አለቃ ባዶ መሬት ሊረከብ መጥቶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ጌታው፣ በነካ እጅዎ የጎረቤቴንም ይቁረጡልኝ» አለችው እናቴ።

በቡጢ ጥርሷን አረገፈው። ደም እየተፋች ሳቀችበት። ከዚያ መሬት ግን አልተነሳንም።

ዛሬ ገጀራውን ተቀብዬ እንሰቷን እኔው ቆረጥኳት። ጉቶዋንም ቦርቡሬ አፈር አለበስኩት።

እናንተስ፣ ቆርጠው ጥለውባችሁ መልሶ የበቀለላችሁ ምን አለ? ጻፉልኝ፤ ጥርስ ያላችሁ እየሳቃችሁ።