ቶርታ ባሕር ሲሻገር

ከቦሌ በተነሣሁበት ምሽት የኬክ ቤት ጓደኞቼ ትልቅ ቶርታ ይዘው እቤት መጡ። በክሬም «መልካም መንገድ» ብለው ጽፈውበታል፤ «ድ» ቦታ አጥታ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥላለች። አባቴ ቁራሹን እየዋጠ «አይዞሽ፣ ቶርታ የትም አገር ቶርታ ነው፤ እጅሽ አያስርብሽም» አለኝ። አባቴ ከደብረ ብርሃን አልፎ አያውቅም።

ሀያትስቪል ከተማ የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ ደረጀ ነው። አሜሪካ ቀድሞን ስለገባ የማያውቀው ነገር የለም፤ ስለማያውቀው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያውቃል። በመጣሁ በሳምንቱ መኪናውን ድንገት አቁሞ አንድ ሱቅ ጠቆመኝ። ታፔላው «ቶርታስ» ይላል።

«ይኸው የአንቺ ሥራ! አንድ ሲሆን ቶርታ፣ ሲበዛ ቶርታስ» አለ፣ ቃሉን ራሱ እንደፈለሰፈው። «ሰው ስንት ወር አፕላይ ያደርጋል፤ አንቺ በሳምንትሽ!»

የሱቁ ባለቤት ሜክሲኳዊት ናት። የሁለታችን እንግሊዝኛ ተደምሮ የአንድ ሰው አይሞላም።

«ቶርታ ትችያለሽ?»

«አዲስ አበባ ሥራዬ እሱ ነበር።»

ደስ ብሏት ሞላላ ዳቦ፣ የተፈጨ ቦሎቄ፣ አቮካዶና የተጠበሰ ሥጋ ፊቴ ደረደረች። የሠራተኛ ምሳ መስሎኝ «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኳት። ቆይቼ «ክሬሙስ?» ስላት «ክሬማ!» ብላ እየሮጠች አመጣችልኝ። ቀመስኩት፤ ኮምጣጣ ነው። እኛ ቤት ቢሆን ይደፋ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሥጋው ላይ በማንኪያ ጽጌረዳ ሠራሁበት። ሴትዮዋ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። እነሱ ዘንድ ቶርታ ሳንድዊች ነው! ለደረጀ ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሱንማ አውቅ ነበር።»

ብርዱን እዚያው ሳንድዊች ስሞላ ከረምኩና አሌክሳንድሪያ አንድ የጀርመን ኬክ ቤት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። የባለቤቱ አያት ከጀርመን መጥተዋል እንጂ የእሱ ጀርመንኛ ከሰላምታ አያልፍም። ለሙከራ የሠራሁትን፣ በየንብርብሩ ክሬም የገባበትን፣ እንደሚገዛው በሬ ዙሪያውን እየዞረ አየው።

«ይኼ ምንድነው?»

«ቶርታ።»

«ቶርታ የሚባል ነገር የለም። ቶርተ! ቃሉ የእኛ ነው። የአንቺው ኬክ ነው።»

ያም ሆኖ ከውድብሪጅ ድረስ የአገሬ ሰው እየመጣ ስለሚገዛው አላባረረኝም፤ «ኬክ» የሚል ለጥፎ ሸጠው።

አንድ ቀን ለደንበኞቹ ይህንኑ «የእኛ ነው» ሲሰብክ፣ ጥግ ይዘው የተቀመጡ የላቲን አስተማሪ የነበሩ ሽማግሌ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ተሳስተሃል። ጀርመን ከጣሊያን ነው የተዋሰችው፤ ጣሊያን ደግሞ ከላቲን። ድሮ ክብ ዳቦ ማለት ነበር፤ ክሬም የሚባል ነገር የለበትም።»

ክብ ዳቦ! የእኛም ቶርታ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ይኼ ሁሉ ሕዝብ አፍንጫውን የሚነፋበት ነገር ለካ ድፎ ዳቦ ኖሯል! ሳቄ አመለጠኝ። በማግስቱ ባለቤቱ እኔን ወደ እቃ ማጠቢያው ላከኝ፤ ያረሙትን ትቶ የሳቀችውን። እናንተ አገር ቤት «ኬክ ቤት ትሠራለች» ስትባባሉ፣ እኔ ክሬም የማየው ሰው ከተወው ሳህን ላይ ሳጥበው ነው።

ባለፈው እሑድ ታናሽ እህቴ ሰናይት ኮል አደረገችኝ። ልታገባ ነው፤ የጥገኝነት ጉዳዬ ስላላለቀ እንደማልመጣ ታውቃለች።

«የሠርጌን ቶርታ ራሴ ልሠራው ነው። ዛሬ ልሞክር፣ አንቺ እየነገርሽኝ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ሚክሰሩን አስነሣችው። እሷ አትታየኝም፤ የሚታየኝ የእናቴ ቤት ኮርኒስ ብቻ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ወፈረ፣ ከበደ። ክሬሙ ደርሷል። ከዚህ ካለፈ ቅቤ ይሆናል።

«ሰናይት፣ በቃ! አቁሚው!»

ጩኸቱ ብሶ መጣ።

«ሰናይት! አቁሚው!»

«ምን አልሽ?» አለች፣ ሚክሰሩን ሳታጠፋ።