ዓይኗ ጤነኛ ነው ያልሁ ዕለት

ይህን ነገር ከአፌ ሳወጣው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ለነፍስ አባቴ ጥቃቅኑን ኃጢአት ሁሉ ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ "ሌላም የማላስታውሰው ይኖራል አባቴ" ብዬ አልፈዋለሁ። አስታውሰዋለሁ። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

ቆሰበር ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ምላስሽ ስለት ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። እናታችን ስትሞት ታናሽ ወንድሜን አዱኛን ግምጃ ቤት ከተማ ካለው ከአባታችን ቤት አምጥቼ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አድጎ ከጫግኒ ብርቄን ሲያገባ እልል አልሁ። ደስ ግን አላለኝም። ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የእኔን በር ያንኳኳ የነበረ ልጅ፣ በደጄ እያለፈ ወደ እሷ መሄድ ጀመረ። ለዚህች ነገር ብዬ ነው ሰው የበደልሁት? አዎ፣ ለዚህች ብዬ ነው።

ብርቄ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ቁልፍ ትተክልልኝ ነበር። ሥራዬ ማየት ነውና ቶሎ አየሁባት። ጨርቁን ጭኗ ላይ አታደርግም፤ ፊቷ ድረስ ከፍ አድርጋ ይዛ ነው የምትሰፋው። ደረጃ ስትወርድ በእግሯ ትዳብሳለች። አንድ ቀን ምን ሆነሽ ነው ብላት አለቀሰች።

"እታለም፣ ዓይኔ ወደ ታች አልሄድ ይለኛል። ወደ ጎን ይሄዳል፤ ወደ ታች ስለው ግን እንቢ ነው። አደራ፣ ለአዱኛ እንዳይነግሩብኝ። በሽተኛ ናት ብሎ ይጠላኛል።"

አልነግርም አልኋት። ያን ቃሌን የጠበቅሁት ለእሷ ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን አናዘዘኝ?

ከዚያ አባቴ ግምጃ ቤት ማኅበር ደገሱ። በእኛ አገር ምራት አማቷን እጅ ስታስታጥብ ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች፤ ፊቱን ትኩር ብላ ካየች ንቀት ነው። ብርቄ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ጎንበስ አለች። አንገቷ ወረደ፤ ዓይኗ ግን አልወረደም፣ እዚያው አባቴ ፊት ላይ ቀረ። ውኃው እጃቸውን ስቶ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ፤ እሷ አፍጥጣ ታያቸዋለች። አንዲት ጎረቤት ቀስ ብላ አማተበች። ምን ዓይነት ዓይን ነው ብላ እንደጠረጠረች ሁላችንም ገባን።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። አዱኛ ሚስቱን ይወድ ነበር፤ "ታማ እንደሁ እንጂ ብርቄ ባለጌ አይደለችም" ብሎ ተከራከረ። ብርቄም "ዓይኔ አልታዘዝ ብሎኝ ነው" አለች። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንደኛው ወደ እኔ ዞሩና፣

"አንቺ አብረሻት ትውያለሽ። እውነት ዓይኗን ያማታል?" አሉኝ።

ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ሲፈታ ታየኝ፤ ያን ያህል አምናኝ ነበር።

"ዓይኗ ጤነኛ ነው" አልሁ። "ክር በመርፌ ቀዳዳ ራሷ ታስገባለች።"

ክር ማስገባቷ እውነት ነው፤ ፊት ለፊቷ ይዛ ታስገባለች። እውነት ተናግሬ ዋሸሁ። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። እኔው አውቄ፣ አስቤ፣ ቃል መርጬ ነው ያልሁት። ከእኔ ቃል በኋላ ማን ይስማት? አዱኛ እንኳ አንገቱን ደፋ። ትዳሩ ፈረሰ። ብርቄ ልብሷን በፌስታል ይዛ ጫግኒ እናቷ ቤት ገባች። እዚህ ዓይን አውጣ ተባለች፤ ቡዳም ያሏት ነበሩ። እየሰማሁ ስፌቴን ቀጠልሁ።

ከዓመታት በኋላ እናቷን መናኸሪያ አገኘኋቸው። ብርቄን ባሕር ዳር ሐኪም አሳይተው፣ እዚያው አስተኝተዋት መመለሳቸው ነበር። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ የአንጎል በሽታ ነው ተብለዋል። መጀመሪያ ዓይን ወደ ታች እንዳይሄድ ይይዛል፤ ውሎ አድሮ እግርንም ምላስንም ያስራል። "ሐኪሙ መቼ ጀመራት ይሉኛል፤ እኔ ምኑን አውቄ ልጄ" አሉኝ። መቼ እንደጀመራት የማውቀው እኔ ነበርሁ። "እግዜር ይማራት" ብዬ ዕቃቸውን ሚኒባስ ላይ ጫንሁላቸው። ከዚያ በላይ ምን አደረግሁ? ምንም።

ዘንድሮ ግን አላስቀምጥ አለኝና ጫግኒ ወረድሁ። ብርቄ ግድግዳ ተደግፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታለች። ይቅርታ እንደሚጠየቀው እግሯ ላይ ወደቅሁ። ጉልበቷን ይዤ ሳለቅስ እሷ ከራሴ በላይ በሩን ታያለች። ለካ እዚያ ታች ልታየኝ አትችልም።

"እታለም?" አለች፣ በድምፄ አውቃኝ። ቃሉ አንድ በአንድ ነው የሚወጣላት። "ይቁሙ። ልይዎት።"

ቆምሁ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ። ቂም ፈለግሁበት፤ አጣሁ።

"ለአዱኛ... ነገሩት?" አለችኝ።

አዱኛ ሌላ አግብቷል፣ ወልዷል። ስሟ ሲነሳ ፊቱ አሁንም ይጠቁራል፤ አባቴን የናቀች ሴት ናት ይላል። ብርቄ ከዚህ ዓለም የቀራት ፍላጎት እሱ እውነቱን እንዲያውቅ ብቻ ነበር። የእኔን ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ይህን ጠየቀችኝ።

"አዎ፣ ነግሬዋለሁ" አልኋት።

ፈገግ አለች። እናንተ ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ለአዱኛ እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።