ከአራተኛ ፎቅ የሚወርደው ብስክሌት

ጭድ ተራ አጠገብ ባለው ኮንዶሚኒየም፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መንገድ ይለቃል። ሀፍሷ ብስክሌቷን በትከሻዋ ይዛ እየወረደች ነውና። አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ሀፍሷ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷም አጭር ነው። ስትወርድ ያያት ግን ብስክሌቱ ክብደት ያለው አይመስለውም።

ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ቢሆኑም ያደገችው ባሕር ዳር ነው፤ እዚያ ሴት ብስክሌት ነዳች ብሎ ዞሮ የሚያይ የለም። አዲስ አበባ የመጣችው ልብስ ሰፊውን ዘይኑዲንን አግብታ ነው። ቁልፉን፣ ዚፑን፣ ገበሩን ከመርካቶ የምትገዛለት እሷ ነበረች። ዕቃ መምረጥ ስለምታውቅበት ሌሎቹም ልብስ ሰፊዎች «ለኛም ያዢልን» ማለት ጀመሩ፤ እያደር ሥራዋ ይኸው ሆነ። ግማሽ ቀኗ በታክሲ ሰልፍ እያለቀ ሲያስቸግራት አንድ ያገለገለ ብስክሌት ገዛች። ሂጃቧን አድርጋ በጋሪና በጭነት መኪና መካከል ስትሹለከለክ መጀመሪያ ላይ አንዳንዱን አሳቀች፣ አንዳንዱን አስቆጣች። ዕቃው በሰዓቱ መድረስ ሲጀምር ወሬው በራሱ ጊዜ በረደ።

የቸገራት መንዳቱ ሳይሆን ማስቀመጫው ነው። መጀመሪያ ምድር ቤት ደረጃው ሥር አሰረችው፤ በሦስተኛው ቀን የፊት ጎማው ተፈትቶ ተወስዶ አገኘችው። ሌላ ጎማ ገዝታ አራተኛ ፎቅ አወጣችውና በራቸው ፊት መተላለፊያው ላይ አቆመችው። እዚያ ደግሞ መብራት በጠፋበት አንድ ቀን የጎረቤቷን የጋሼ ሀብተ ወልድን ቅልጥም ፔዳሉ መትቶ አደማው። ጋሼ ሀብተ ወልድ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ሥርዓት ይወዳሉ። በማግሥቱ ለሕንፃው ኮሚቴ አመለከቱ።

ዘይኑዲን ሊከራከርላት ተነሥቶ ነበር። ሀፍሷ ግን አስቀመጠችውና ብቻዋን ሄዳ የሽማግሌውን በር አንኳኳች። በፋሻ የታሰረ እግራቸውን ስታይ ያሰበችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት፤ ይቅርታ ብቻ ጠየቀች።

«እኔ ብስክሌትሽን አልጠላሁትም፣ ልጄ» አሏት። «መተላለፊያው ግን የሁላችንም ነው።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ እቤቴ ይገባል።»

ማለቱ ቀላል ነበር። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋው፣ የስፌት መኪናውና የጨርቁ ክምር ሞልተዋታል። ብስክሌቱ ሲጨመር መዞሪያ ጠፋ። ጎማው ግድግዳውን አጠቆረው፣ የካቴናው ግራሶ የደንበኛ ሱሪ ነካ። እንስቀለው ብለው ግድግዳው ላይ መንጠቆ ቢመቱ፣ ውስጡ ክፍት ብሎኬት ነበርና ብስክሌቱ ከነመንጠቆው፣ ከነልስኑ ወደቀ። ያን ቀን ዘይኑዲን ሽጪው አላት።

መሸከሙም እየጎዳት ነበር። በሁለት እጇ አቅፋ ነው የምታወጣው፤ ፔዳሉ ጉልበቷን ይገጫታል፣ ወገቧ ቀንም ሌትም ይጠዘጥዛት ጀምሯል። አንድ ቀን በእህል በረንዳ ስታልፍ አንድ አዛውንት ተሸካሚ ጤፍ በጆንያ ተሸክመው፣ ምንም እንዳልያዘ ሰው ቀስ ብለው ሲራመዱ አየችና ቆመች። ጋሼ ጁነዲን ይባላሉ፤ ስድሳን አልፈዋል፣ ጀርባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። ጆንያውን እስኪያወርዱ ጠብቃ፣ ደረጃ ለሚወጣ ሰው ምን እንደሚመክሩ ጠየቀቻቸው። ሸክሙ ብስክሌት መሆኑን ሲሰሙ ሳቁ። ከዚያ ግን እዚያው መንገድ ዳር ያስተምሯት ጀመር።

ሸክምን በክንድ መታገል የለም፤ ክንድ ቶሎ ይከዳል አሏት። ጆንያ አጥፎ ትከሻ ላይ ማድረግ፣ የብስክሌቱን አግድም ብረት እሱ ላይ ማሳረፍ፣ ካቴናውን ወደ ውጭ ማዞር። አንድ እጅ መሪውን ይይዛል፣ ሌላው የደረጃውን መደገፊያ። እግር ሙሉውን ይርገጥ እንጂ በጣት አይወጣም።

«ሰው የሚወድቀው መታጠፊያው ላይ ነው» አሉ። «እዚያ ስትደርሺ ቁሚ። ተንፍሺ። ከዚያ ከነሸክምሽ ዙሪ።»

መንጠቆው መውደቁን ስትነግራቸውም ግድግዳውን ትታ ኮንክሪቱን እንድትፈልግ መከሯት። ከበሩ ጀርባ ጥጉ ላይ የኮንክሪት ምሰሶ ነበር። ዘይኑዲን ወፍራም መንጠቆ በብሎን አሰረበት፤ ብስክሌቱን በኋላ ጎማው አቁማ የፊቱን መንጠቆው ላይ ትሰካዋለች። ከኋላው አሮጌ ሸራ ስለዘረጉበት ግድግዳው አይጠቁርም። በሩም እንደ ልብ ይከፈታል። ይሸጥ የሚለው ነገር ዳግም አልተነሣም።

እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ። የጋሼ ሀብተ ወልድ ባለቤት እትዬ ለተብርሃን ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከአራተኛ ፎቅ ሳይወርዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠዋት ጠዋት በራቸውን ከፍተው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሀፍሷ ስታልፍም ይመርቋታል። አንድ ቀን ግን ከምርቃቱ በኋላ፣ «አንቺ ይህን ብረት በየቀኑ ታወርጂዋለሽ፤ እኔን የሚያወርደኝ ጠፋ እንጂ» አሏት።

ቀልድ ነበር፤ ሀፍሷም ስቃ ወረደች። ንግግሩ ግን ቀኑን ሙሉ አብሯት ዋለ። ማምሻውን ወደ ቤት ሳትመለስ እህል በረንዳ ገብታ ነገሩን ለጋሼ ጁነዲን ነገረቻቸው። አሁን አልሳቁም። እሑድ መጡና ጠንካራ ባለመደገፊያ ወንበር መርጠው፣ ሃምሳ ኪሎ ስንዴ አሰሩበት። እሳቸው ከላይ፣ ዘይኑዲን ከታች ይዘው አወረዱት። ሀፍሷ ከጎን ሆና መታጠፊያዎቹን ትመራለች፤ የትኛው ደረጃ ጠርዙ እንደተሰበረ፣ የት ላይ እንደሚጠብብ እሷ ታውቃለች። ጋሼ ሀብተ ወልድ ስንዴው ሦስት ጊዜ በሰላም ካልወረደና ካልወጣ ሚስቴን አላስነካም ስላሉ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ።

ታኅሣሥ ሃያ አራት፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን ለብሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጋሼ ጁነዲን ከላይ፣ ዘይኑዲን ከታች ያዙ። ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸው የሀፍሷን ክንድ ጭምድድ አድርጎ ያዘ።

«ቆመናል፣ እትዬ» አለቻቸው። «ይተንፍሱ። አሁን ቀስ ብለን እንዞራለን።»

ምድር ሲደርሱ ወዲያው ታክሲ ውስጥ መግባት አልፈለጉም። ቀና ብለው ወደ አራተኛ ፎቅ፣ ወደ ራሳቸው መስኮት ብዙ ተመለከቱ። ከዚያ ባላቸው ይዘዋቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሀፍሷ ብስክሌቷን አውርዳ ዕቃዋን ስታዳርስ አረፈደች፤ ቀትር ላይ ግን እትዬን ለማስወጣት እንደ ቃሏ የሕንፃው በር ላይ ነበረች።

መውጣቱ ከመውረዱ የከፋ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ዘይኑዲን ላብ አጠመቀው። ይኼኔ ጎረቤቶች ከየበራቸው ብቅ አሉና አንዱ የወንበሩን እግር፣ ሌላው መደገፊያውን ያዘ። አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ ስድስት ሆነው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሃያ አራት ቀን እትዬ ለተብርሃን ይወርዳሉ። ጋሼ ሀብተ ወልድ የተሸካሚዎቹን ተራ በዚያ በጠራ የፖስታ ቤት ጽሕፈታቸው ጽፈው ምድር ቤት ለጥፈዋል። ሀፍሷ ስሟን ብትፈልግ አጣችው፤ ረስተዋት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«አንቺማ ተራ የለሽም» አሏት። «አንቺ ሁልጊዜ ነሽ።»