ለቀረ ሰው የተቆረሰ ዳቦ

ትናንት ማክሰኞ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ የደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት የአንድ ነጋዴ ንብረት እንዲወረስ ፈረደ። ከሌሎች ጋር አድሟል ተብሎ ነው። ዜናውን ለጋዜጣዬ ልኬ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ፍርዱን ማረም የእኔ ሥራ አይደለም። ዳኛው አድማ ምን እንደሆነ ሲያብራሩ ግን የአባቴ ፊት መጣብኝ።

ጣሊያን ጎጃምን በያዘበት ዘመን ጎረምሳ ነበርሁ። ቤታችን ከሉማሜ በታች ነው። አባቴ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለት አለቃ ነበር። በማኅበራችን ደንብ የቀረ አባል ድርሻው አይቀርበትም፤ ዳቦው ተቆርሶ ለቤቱ ይላካል። ከአባላቱ አንዱ፣ አያ ይርዳው፣ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቶ ነበር። በሚያዝያ ተራው የእኛ ሆነ፤ ድርሻውን ለሚስቱና ለልጆቹ ላክን። አንድ ሰው ጠቆመብን።

በሰኔ መጀመሪያ ማርቆስ ለፍርድ ተጠራን። ቆሎ እየቆረጠምን በጭቃው ሄድን። ግራ ቀኙ አዲስ የታረሰ አፈር ይሸታል። የእኛ ማሳ ገና አንድ ዙር እርሻ ይቀረው ነበር፤ በሬዎቹ ከተወሰዱ ጤፍ የለም።

ዳኛው ጣሊያናዊ መኮንን ነው። አስተርጓሚው አዋጁን አነበበ፤ ለሽፍታ ስንቅ ለማቀበል ያደመ ሰው ከብቱ ይወረሳል።

“ከአንተ ጋር የመከረው ማነው?” ተባለ አባቴ።

“ቅዱስ ሚካኤል።”

ከኋላ የቆሙት ሳቁ። ዳኛው አልሳቀም።

“ዳቦው ለልጆቹ ነው ጌታዬ” አለ አባቴ። “ሕፃን ምን ይሸፍታል?”

ዳኛው ግን አዋጁን እንዲህ ተረጎመው፦ ቤተሰቡን ያበላ ሽፍታውን አበላ፤ ማኅበሩ አድማ ነው፤ ሙሴውም የአድማው መሪ።

እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቀረበች። “ቦራው በሬ የእኔ ነው ጌታዬ፤ ከአባቴ ቤት ይዤው የመጣሁ። እሱ ቢያጠፋ የእኔ በሬ ምን አደረገ?”

ባገራችን ልማድ ይህ የሚያስረታ ሙግት ነው። ዳኛው ግን ጠየቃት።

“ዳቦውን የጋገረው ማነው?”

እናቴ ተቆጣች። “በተራዬ ሌላ ሴት ጋግራ ታሳፍረኝ? እኔ ነኛ!”

ሁለቱም በሬዎች ተወረሱ። ያን ክረምት ማሳችን ጦሙን አደረ።

ሕግ መተርጎም የዳኛ ነው፤ እኔ የለመድሁት ማጣራት ነው። ባለፈው ጥቅምት ዲማ ሄጄ፣ አያ ይርዳው ሲቀበር የነበሩ አንድ መሪጌታ አገኘሁ። ሚስቱ እንኳ መርዶውን የሰማችው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነበር። አያ ይርዳው የሞተው በዚያው ዓመት በመጋቢት፣ ዳቦው ከመላኩ በፊት ነው።