በጆሮዬ የቀረው ሞተር

ሕመሙ የጀመረኝ በግራ ጆሮዬ ነው። ቀጭን፣ ጢዝ የሚል ድምፅ። ነፍሳት የገባብኝ መስሎኝ ለብ ያለ ዘይት ጠብ አደረግሁበት፤ እናንተ እንዳታደርጉት። ድምፁ እየዋለ እያደረ ወፍሮ የሞተር ድምፅ ሆነ። ያን ሞተር አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረባ ነበርሁ፤ ሥራዬ በኋላው በር ቦምብ መልቀቅ ነው። የጆሮ መሸፈኛ ቢሰጠንም ትእዛዝ አያሰማም እያልን አውልቀን እንጥለው ነበር።

ከዚያ ጦርነት በኋላ በሰቆጣ በኩል ያለችው ዝቋላ ገብቼ ማሽላ እየዘራሁ፣ ፍየል እያረባሁ ኖርሁ። የሠራሁትን አልደበቅሁም። የአገሬው ሰው ያኔ አውሮፕላን ፈርቶ በጨለማ ይገበያይ የነበረ ነው። የቅርቡ ጦርነት ሲመጣ ግን «አውሮፕላኖቹን እሱ ያውቃቸዋል፤ እሱ ካልጮኸ አንሮጥም» ተባባሉ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ከላይ ሆኜ ያስፈራሁትን ሰው ከታች ሆኜ የምጠብቀው መሰለኝ።

ጦርነቱ ጋብ ካለ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ሞተሩ መጣ። ጮኽሁ። ገበያው ሊሸሸግ ወደ ገደሉ ሮጠ። ሰማዩ ባዶ ነበር። እመት ዝማም ወደቁ። አሮጊት ናቸው፤ ጎረቤቴ። እግራቸው ተሰበረ። አውሮፕላን አልነበረም።

በቃሬዛ ተሸክመን ሰቆጣ ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ ደጋግሞ ሲጠራኝ አለመስማቴን አይቶ እኔንም መረመረኝ።

«አባቴ፣ ይህ ቲኒተስ ይባላል። የውስጥ ጆሮዎ በሞተር ጩኸት ተጎድቷል። የሚሰሙት ድምፅ ከውጭ የሚመጣ አይደለም።»

«ይለቀኛል?»

«ይለቅዎታል ብዬ ቃል አልገባም። እንዲቀልልዎት ግን እንረዳዎታለን።»

የመስሚያ መሣሪያ አስገኘልኝ፤ ስተኛ ሬዲዮ ዝቅ አድርጌ እንድከፍት መከረኝ፤ እኔም እንደ ምክሩ እያደረግሁ ቀስ በቀስ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ከሚስቴ ጋርም ሳልጮህ መነጋገር ቻልሁ። የከበደኝ እመት ዝማም ደጅ መሄዱ ነበር። ሰፈሩን ጥዬ ልጠፋ አስቤ ነበር። በመጨረሻ ሄድሁ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«እመት፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ስለ እግሬ ነው ስለዚያኛው?»

«ስለ ሁለቱም።»

«ስለ እግሬስ ይቅር ብዬሃለሁ። ያኛው የኔ ብቻ አይደለም፤ የሞቱትም አሉበት። በል ደግፈኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ።» አለቀስሁ። ደግፌ አደረስኋቸው።

ለሐኪሙ እግዜር ይስጥልኝ። ጆሮው የሚጮህበት ሰው ይህን ካነበበ፣ ሳይውል ሳያድር ይመርመር፤ ብቻውን የሰማ ሲመስለው ደግሞ አጠገቡ ያለውን ይጠይቅ፤ አያሳፍርም። እኔ ዛሬም ሞተሩ ሲነሳብኝ እመት ዝማምን እጠይቃለሁ። ቀና ብለው ሰማዩን ያዩና «ምንም የለ፣ ተቀመጥ» ይሉኛል። እቀመጣለሁ።