የሰባ ሦስቱ ደረጃዎች ፓርቲ

በያጇን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «መነጽር» ነው የሚላት። ጥቁሩን የብየዳ መነጽር ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ገበያ ትወጣለች፤ ረስታው ሠርግ ቤት ገብታም ታውቃለች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እጇ ያላረፈበት የብረት በር በሰፈሩ ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል። መጀመሪያ ወንዶቹ በያጆች ሳቁባት። ኋላ ግን የከበዳቸውን ሥራ ተሸክመው እየመጡ «እስቲ እይልን» ይሏት ጀመር። ሳቁን አልረሳችውም፤ ማንስ ቢሆን ይረሳል?

ፓርቲው የተወለደው እዚያው ብየዳ ቤቷ ውስጥ ነው። ከቤቱ ጎን ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣ ሰባ ሦስት የድንጋይ ደረጃ አለ፤ እጅ የሚያሳርፉበት መደገፊያ ግን አልነበረውም። ለአካባቢው ምክር ቤት ስድስት ማመልከቻ ገባ። ስድስቱም ጆሮ ዳባ ልበስ ሲባሉ፣ አሥራ አንድ ጎረቤታሞች «በቃ፣ እኛው ራሳችን እንግባ!» አሉ። መዝጋቢው የፓርቲያችሁ ስም ማነው ሲላቸው «የደረጃው ሰዎች» ብለው አስጻፉ። ትልልቆቹ ፓርቲዎች ጽሕፈት ቤትና ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ የእነዚህ ሀብት ከመካከላቸው የአንድ ጡረተኛ መምህር የእጅ ጽሑፍና የመነጽር ምላስ ነበር። እጩዋም እሷው ሆነች።

ምርጫው አንድ ወር ሲቀረው እናቷ አሥራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። አጥንታቸው ተርፏል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከቤት አልወጣም አሉ። የመነጽር አንጀት አልቻለም። ሳምንት ሙሉ ስትቆርጥና ስትበይድ ሰንብታ ከታች እስከ ላይ መደገፊያ ተከለችበት። ሰፈሩ መረቃት፤ እናቷም ይዘውት ወጡ፣ ይዘውት ወረዱ።

ደስታው አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን የፓርቲው ጸሐፊ፣ ጡረተኛው መምህር፣ የምርጫ ደንቡን ደረታቸው ላይ አቅፈው መጡ።

«በቅስቀሳ ጊዜ እጩ ለመራጭ ስጦታ አይሰጥም ይላል» አሉ።

«ይሄ ስጦታ ነው እንዴ?»

«ያውም ባለ ሰባ ሦስት ደረጃ!»

ሌላ ፓርቲ ቢሆን ደንቡን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተው ነበር። የከሰሳቸው የለ፣ ልብ ያለው የለ። እነዚህ ጉደኞች ግን ተሰብስበው እጅ አወጡና ስድስት ለአምስት ራሳቸውን ለመክሰስ ወሰኑ። ስድስተኛዋ እጅ የእሷ ነበረች። «ነገ ምክር ቤት ገብቼ የሌላውን ስጦታ በየትኛው አፌ ላወግዝ ነው?» አለች።

የምርጫ ቢሮው ሠራተኛ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። መሳቢያውን ሁሉ ከፋፍቶ ሲያበቃ፣ «ራሱን ለሚከስ ሰው የሚሆን ቅጽ የለንም» አለ። አለቃውን ጠይቆ ተመለሰ። «ወይ መደገፊያው ይነሳ፣ ወይ እርስዎ ከውድድሩ ይውጡ።»

አሥራ አንድ ሰው ጫማውን ጨርሶ ቤት ለቤት የዞረለትን ፓርቲ ጥላ መውጣት አልሆነላትም። በእጇ የተከለችውን በእጇ ቆረጠችው። የብረት መቁረጫው ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አያት። እናቷ በራቸው ላይ ቆመው፣ «የእኔን እግር በወንበር ለወጥሽው?» አሏት። መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደችው። እያለቀሰች ነበር።

ድምፅ የሚሰጠው ከላይ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። በዕለቱ አሥራ አንዱም የፓርቲ ምልክታቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ተደረደሩ። ማንን ልትመርጥ ነው ብለው ሳይጠይቁ፣ ለመጣው አዛውንት ሁሉ ትከሻቸውን ሰጡ። እናቷም መጡ፤ የልጃቸውን ትከሻ አልፈው የመምህሩን ያዙ።

በአሥራ አራት ድምፅ ተሸነፈች። መምህሩ ውጤቱን ሊነግሯት ብየዳ ቤት ድረስ መጥተው «እንኳን ደስ አለሽ» አሏት።

«ምን ነካዎት? ተሸንፈን?»

«ከዛሬ ጀምሮ እጩ አይደለሽማ! የሚከለክልሽ ደንብ የለም።»

በማግስቱ ጠዋት ተቆርጦ ብየዳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የቆየውን የመደገፊያ ብረት አሥራ አንዱ ተሸክመው አወጡት፤ በአራተኛው ቀን እሷ ላይኛዎቹ ደረጃዎች ላይ ደረሰች። ያን ጊዜ እናቷ ብረቱን ይዘው ቀስ እያሉ ወጥተው አጠገቧ ቆሙ። ነቀነቁት፤ አልተነቃነቀም።

«የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣስ?» አሏት።

«ከቅስቀሳ በፊት የቆመ ነው፤ ማንም አይነካውም።»

«እንደገና ልትወዳደሪ ነዋ?»

«ልወዳደር ነው፣ እማዬ።»

እናቷ የቀሩትን ደረጃዎች ወጡ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረፋ የያዙት ሰዎች ይህን ማን ሠራው ብለው ሲጠይቋቸው፣ ድምፃቸው ተንበርክካ እስከምትበይደው ልጃቸው ድረስ ወረደ።

«ልጄ ናት የሠራችው» አሉ። «የነቀለችውም እሷው ናት!»